ጥርስ ባዳ ነው፤ ስለ አስቂኝ ቁራጭ ምስሎች ቅብብሎሽና ስለ ኮሜዲ ኂስ

መግቢያ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ወደ ለቅሶ ያደላል። ስለ ሙሾ፣ ስለ ታሪካዊ ተውኔትና ስለ መራር ልቦለድ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቀልድ የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቀልድ የቁም ነገር ተቃራኒ ሆኖ መታየቱ ይመስለኛል። «ቀልዱን ተወውና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» የሚለው የዕለት ተዕለት አባባላችን ራሱ ይህን አመለካከት ያሳያል። ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሁሉ ትምህርቱን የሚጀምረው ከአንድ ኮሜዲ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት የአውሬዎች ተውኔት፣ «ፋቡላ»፣ በእንስሳት ተረት ተመስሎ አስተዳደሩን በመተቸቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። እንግዲህ ተውኔታችን ሲወለድ በሳቅ ተወልዶ፣ የታገደውም በሳቁ ምክንያት ነው። የሚያስፈራ ነገር ደግሞ ቁም ነገር የሌለው ሊሆን አይችልም።

ይህ ጽሑፍ በዛሬው ጊዜ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉትን አስቂኝ ቁራጭ ምስሎች ከቀደሙት ኮሜዲዎች ጎን አስቀምጦ ለመመርመር ይሞክራል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቀልድ ሲቆረጥ ምን ይጎድለዋል? ሲተላለፍስ ምን ይጨመርበታል? የሚሳቀውስ በማን ነው? ለማሳያነት የምጠቀምባቸው በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በአካባቢው የሀብሩ ቀበሌዎች ያየኋቸውን የቅብብሎሽ ልማዶች ሲሆን፣ ነገሩ ግን የወልድያ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢው ይረዳልኛል።

1. የስያሜ ጉዳይ

አማርኛ በሳቅ ረገድ ባለጸጋ ቋንቋ ነው። ቀልድ፣ ዋዛ፣ ቧልት፣ ፌዝ፣ ሽሙጥ፣ ስላቅ፣ ምፀት የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ቀልድ አብሮ ለመሳቅ ነው፤ ቧልት ሥራ የፈታ ቀልድ ነው፤ ፌዝ በሰው ላይ ነው፤ ሽሙጥ ደግሞ ሰውየው እፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ነገሩ ግን በጎን የሚደርሰው ነው። ስላቅ ከሽሙጥ ይመራል። ምፀት ግን የሁኔታ ነው፤ ተናጋሪ ባይኖረውም ሊኖር ይችላል።

በስልክ የሚመጣው ቁራጭ ምስል ግን ይህን ሁሉ ልዩነት ሰርዞ «ኮሜዲ» በሚል አንድ ስም ይጠራል። በወልድያ መናኸሪያ አካባቢ ሚሞሪ ላይ ፊልምና ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ኮምፒዩተር ውስጥ «ኮሜዲ» የሚል ማኅደር አይጠፋም። በውስጡም ቻርሊ ቻፕሊን፣ ሚስተር ቢን፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅቶች ላይ ይቀርቡ የነበሩ የደረጀ ኃይሌና የሀብቴ ምትኩ፣ የልመንህ ታደሰና የአለባቸው ተካ፣ የተስፋዬ ካሳ ሥራዎች፣ ከደረጃ ላይ የወደቀ የማይታወቅ ሰው፣ እንዲሁም ነጠላ ተከናንቦ እናቱን የሚያስመስል ወጣት ያለ ምንም ቅደም ተከተል ተደባልቀው ይገኛሉ። የሃያሲ የመጀመሪያ ሥራ ይህን ድብልቅ መለየት ነው። በወደቀው ሰው የምንስቀው ሳቅ በቻፕሊን ከምንስቀው ሳቅ ጋር አንድ ከሆነ፣ ኮሜዲ የሚባል የጥበብ ዘርፍ አያስፈልገንም ነበር።

2. ከጉባኤ እስከ ሚሞሪ

የቀልድ ቅብብሎሽ አዲስ ነገር አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና ተናገሯቸው የሚባሉት ቀልዶች ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ናቸው። ይህም የሆነው ትውልድ የራሱን ቀልድ እየፈጠረ በእሳቸው ስም ስለሚያስተላልፈው ነው። ሥነ ቃል የሚኖረው በዚህ መንገድ ነው፤ ባለቤቱ ይጠፋል፣ ወይም የሌላ ስም ይለጠፍበታል፣ ተራኪው እንደ አድማጩ ይቀንሳል፣ ይጨምራል።

ቁራጭ ምስሉም ብዙዎቹን እነዚህን ባሕርያት ይጋራል። ከቴሌቪዥን ወደ ቪዲዮ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ፣ ከዚያም ወደ ቴሌግራምና ቲክቶክ የተሻገረ አንድ የደረጀና የሀብቴ ጭውውት እኛ ዘንድ ሲደርስ ደራሲው፣ አዘጋጁ፣ የቀረበበት በዓልና ዓመተ ምሕረቱ ተራግፈውለት ነው። አንዳንዱ መጀመሪያው፣ አንዳንዱ መጨረሻው የለም። ድምፁ ተነሥቶ ሌላ ድምፅ የተለጠፈበትም አለ።

የዚህ አካባቢ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ደግሞ ቅብብሎሹን ይበልጥ ወደ ሥነ ቃል አቅርቦታል። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ በቆየችበት ጊዜ መብራትና ስልክ አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ሌላው ዓለም አንድን ቪዲዮ በጣት ነክቶ ለሺዎች ሲልክ፣ እዚህ ግን ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ ስልክ ከስልክ ጋር አገናኝቶ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር መቀባበል ነበረበት። ከደሴ የመጣ ሰው «ምን አዲስ ነገር ይዘሃል?» ይባል ነበር፤ ይዞ የመጣውም በሚሞሪው ያለው ነው። ከወልድያ በስተደቡብ በደሴ መንገድ ላይ ወደምትገኘው መርሳ የሚደርሰው ቀልድም እንዲሁ በተሳፋሪ ኪስ የሚሄድ ነበር። ሰጪው ቪዲዮውን ሲሰጥ አብሮ ይተርከዋል፤ «ይቺን እይ፣ አሁን ይወድቃል» ይላል። ይህ ትረካ የክዋኔው አካል ነው። በሥነ ቃል ጥናት ከዋኝ፣ ታዳሚና አውድ የምንላቸው ሦስቱም እዚያው ተገኝተዋል ማለት ነው።

ስለሆነም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቅብብሎሹ አልተቋረጠም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። ሚሞሪ ጫኙም ሳያውቀው የአርታኢነት ሥራ ያዘ። ምን እንደሚያስቅ፣ ምን እንደማያስቅ፣ የትኛው ቁራጭ ለሽማግሌ፣ የትኛው ለወጣት እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። የወልድያን የቀልድ ጣዕም ማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ ይህን ባለ ሱቅ ሳይጠይቅ ቢያልፍ ጥናቱ ጎዶሎ ይሆናል።

3. ቁራጩና ሙሉው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ሲቆረጥ የማይሞት ቀልድ አለ፤ ሲቆረጥ የሚሞትም አለ። ይህን ለማስረዳት ከአካባቢያችን የቅኔ ትውፊት የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ከቅኔ ቤቶቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራበት ዋድላ ያለው በዚሁ በሰሜን ወሎ ነው። ቅኔ የቆጠረ ሰው እንደሚያውቀው ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ይሞላል፤ ሰሙም ወርቁም እዚያው ገብቶ ይዘጋል። መወድስ ግን ስምንት ቤት ነው። ከመወድስ ሁለት ቤት ቆርጦ የወሰደ ሰው ጉባኤ ቃና አገኘሁ ቢል ይሳቅበታል፤ የያዘው ስባሪ ነው።

ሚስተር ቢን በባሕርዩ ጉባኤ ቃና ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በተላለፈው የመጀመሪያ ክፍል ሰውየው ፈተና ላይ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ለመኮረጅ የሚያደርገውን ጥረት ብቻ ቆርጦ ለተማሪ ማሳየት ይቻላል። ዝግጅቱ፣ ጭንቀቱና ውድቀቱ እዚያው ውስጥ አሉ። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላልና ትርጉም አይፈልግም። በመርሳ ቡና ላይ ተቀምጠው ይህን ዓይነቱን ቁራጭ ያዩ እናት ከት ብለው ሲስቁ፣ ወዲያውም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «አስተግፊሩላህ» ሲሉ አይቻለሁ። እንግሊዝኛ ማወቅ አላስፈለጋቸውም።

በአንጻሩ አለቃ ገብረ ሐና አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው በብዙ ቁጥር «እንደምን ዋላችሁ» አሏት የሚለው ቀልድ የተንጠለጠለው በአንዲት «ችሁ» ላይ ነው። አክብሮት መስሎ የተጣለው ብዙ ቁጥር አህያይቱን ከሴቲቱ ጋር ይቆጥራታል። ይህን ቀልድ በምስል ብቻ ማሳየት አይቻልም፤ ወደ ሌላ ቋንቋም በቀላሉ አይሻገርም። አጭርነቱ ከሚስተር ቢን ጋር ቢያመሳስለውም ማደሪያው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች አንዳንድ ጊዜ እንደሚሉት «የኛ ቀልድ አያስቅም፣ የፈረንጅ ይሻላል» የሚለው ፍርድ የሚሳሳተው የምስልን ቀልድ ከቃል ቀልድ ጋር በአንድ ሚዛን ስለሚመዝን ነው።

የቻፕሊን ጉዳይ ግን ከዚህ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ1925 የተሠራው «የወርቅ ጥድፊያ» ፊልም ውስጥ ቻፕሊን ጫማውን ቀቅሎ የሚበላበት ትዕይንት በብዙ ስልኮች ይገኛል። ቁራጩ ለብቻው ያስቃል፤ ሰውየው የጫማ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት ይመጣል። ይህን ቁራጭ ለተማሪዎቼ መጀመሪያ ለብቻው አሳየኋቸው፤ ሳቁ። በሌላ ቀን ፊልሙን ከመነሻው አሳየኋቸው፤ በረዶው፣ ጎጆዋ፣ ሁለቱ ሰዎች የሚላስ የሚቀመስ አጥተው ያሳለፏቸው ቀናት፣ ከዚያም የበዓሉ ቀን ደርሶ ጫማው «ሲታረድ»። ያን ጊዜም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ዝግ ያለ ነበር። አንዱ ተማሪ «ይኼ እኮ የኛ ታሪክ ነው» አለ።

ልጁ የተናገረው ቀላል ነገር አይደለም። ወሎ በፊልም ለዓለም የታየችው በሳቅ አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ያቀረበው ፊልም፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የማይክል በርክ የኮረም ዘገባ ያሳዩት ረኀብን ነው። የዛሬ ተማሪዎቻችን ወላጆችና አያቶች ያንን ዘመን በሥጋቸው የሚያውቁ ናቸው። የቻፕሊንም ቀልድ የመነጨው ከለንደን ድሆች መጠለያ ከተገፋ ልጅነት ነው። ቁራጩ ይህን ሁሉ አያሳይም፤ ሙሉው ፊልም ግን ረኀብንና ሳቅን በአንድ ሳህን ያቀርባል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ቁራጭ ምስል ሲቆረጥ ሳቁ ላይጎድል ይችላል፣ የሚጎድለው የሳቁ ዋጋ ነው።

4. ሲተላለፍ የሚጨመረው

ቅብብሎሽ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በባዕድ ፊልም ላይ የአማርኛ ድምፅ እየለጠፉ አዲስ ቀልድ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። የሕንድ ፊልም ተዋናይ አፉን ሲከፍት ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፤ የቆጣ የጦር መሪ ስለ ዘይት ዋጋ ይጮኻል። እዚህ ላይ ምስሉ የታወቀ ሽፋን ነው፤ ድምፁ የተደበቀውን ያወጣል። ነገሩን ከሰምና ወርቅ ጋር ለማመሳሰል የሚፈተን ሰው ይኖራል። መመሳሰሉ ግን በከፊል ነው። በቅኔ ሰሙና ወርቁ በአንድ ኅብረ ቃል ተጣምረው ይኖራሉ፤ በድምፅ ልጠፋው ግን ምስልና ድምፅ ከተለያየ ቦታ መጥተው የተሰፉ ናቸው፤ ስፌቱ መታየቱም ራሱ ያስቃል። ከቅኔ ይልቅ የሚቀርበው ወደ ምፀታዊ አስመስሎ ሥራ ነው።

ከእነዚህ መካከል የተሳኩትን ካልተሳኩት የሚለየው የአማርኛው ጥራት ነው። ተናጋሪው የሰውየውን የከንፈር እንቅስቃሴ ተከትሎ፣ የዕድሜውንና የማዕረጉን አነጋገር ጠብቆ ሲናገር የተውኔት ቃለ ምልልስ ይሆናል። ስድብ ብቻ ሲያወርድበት ግን ቧልት ነው። ይህን ልዩነት ለተማሪ ማሳየት ለቃለ ምልልስ አጻጻፍ ትምህርት ጥሩ መለማመጃ እንደሚሆን ከክፍል ልምዴ መናገር እችላለሁ።

5. የሚሳቀው በማን ነው?

ዋነኛው ጥያቄ ይህ ነው። አርስጣጣሊስ በሥነ ግጥም መጽሐፉ አስቂኝ ነገር ሥቃይና ጥፋት የማያስከትል ጉድለት መሆኑን ይናገራል። በዚህ መለኪያ ከደረጃ ላይ ወድቆ እግሩን የተሰበረ ሰው ቪዲዮ ከኮሜዲ ክልል ይወጣል፤ ሥቃይ አለበትና። በስልክ የሚዞረው ግን ከዚህ ዓይነቱ ብዙ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ዓይነት አለ። «ገጠሬ ከተማ ሲገባ» የሚባለው ጭውውት ለረጅም ጊዜ የመድረክና የቴሌቪዥን ቀልዳችን መተዳደሪያ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም በቲክቶክ ቀጥሏል። ገፀ ባሕርዩ ሊፍት ያስደነግጠዋል፣ መስታወት ያሞኘዋል፣ አነጋገሩም የአንድ ክፍለ ሀገር ዘዬ ይሆናል። ዘዬው ብዙ ጊዜ የወሎ፣ የጎጃም ወይም የመንዝ ነው። ችግሩ ዘዬ መሰማቱ አይደለም፤ ዘዬ ገፀ ባሕርይን ለመሣል ሁነኛ መሣሪያ ነውና። ችግሩ ሰውየው የሚናገረው ነገር ሳይሆን የሚናገርበት ድምፅ ብቻ ቀልድ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ የሚሳቀው በአንድ ሰው ጉድለት መሆኑ ቀርቶ በአገሬው ሁሉ አፍ ይሆናል።

ይህንን በመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች መመዘን ይገባል። «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ተምሮ የመጣው የባላባት ልጅ ገጠር ይወርዳል፤ ከቤት ሠራተኛው ጋርም ጋብቻ ይመሠርታል። ለቀላል ቀልድ የሚቸኩል ደራሲ ሠራተኛይቱን መሳቂያ ባደረጋት ነበር። መንግሥቱ ግን ሳቁን ያዞረው በዘር ኩራት ላይ ነው። «ጠልፎ በኪሴ»ም እንዲሁ ጠለፋን ሲነካ ዘመናዊ ነን ባዮቹን ጭምር ይነካል። ከፍ ያለው ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለው ግን አይረገጥም። የቻፕሊን ከርታታም የሚያስወድቀው ፖሊሱን እንጂ ለማኙን አይደለም። «ፋቡላ» የታገደውም ሳቁ ወደ ላይ በመወርወሩ ነበር። እንግዲህ ከእነዚህ ሥራዎች አንድ መለኪያ ማውጣት ይቻላል፤ ጥሩ ኮሜዲ ኃይል ያለውን ይዳፈራል፣ ኃይል የሌለውን ደግሞ ከራሱ ጋር ያስቀዋል።

ይህ መለኪያ ለወልድያ ተማሪ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ከሀብሩ ወይም ከጉባ ላፍቶ ገጠር የመጣ ተማሪ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠየቅ እያወቀ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «አፌ ያስቅብኛል» የሚል ነው። እናቱ «አብሽር» ብላ ያጽናናችበት፣ አባቱ ያስታረቀበት፣ አያቱ መንዙማ ያደመጠችበት አማርኛ በስልክ ቁራጭ የፌዝ ድምፅ ሆኖ ስላገኘው አፉን ይዟል። እሱም ራሱ ያንኑ ቪዲዮ ለጓደኛው አስተላልፎ ይሆናል። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል በገዛ አፉ የሚያፍር ተማሪ አስመርቆ ስለ ሥነ ቃል ጥናት ሊያወራ አይችልም። ቀልድን መመርመር ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ዘዬን ከቀልድ ማስወጣት ይመስላቸዋል አንዳንዶች። እኔ አልስማማም። ወሎዬው በራሱ ዘዬ የከተሜውን ችኮላ፣ የቢሮውን ቀጠሮ፣ የመምህሩን ትዕቢት ሲሸመጥ ብንሰማ፣ ያው ዘዬ የተመልካችነት ቦታ ያገኛል። በአካባቢያችን አሁን አሁን እንዲህ ያሉ ጭውውቶች ብቅ ማለታቸው ተስፋ ይሰጣል፤ ገበሬው እንግዳውን ባለሥልጣን በትሕትና እያናገረ የሚያፋጥጥባቸውን ማለቴ ነው። ትሕትናው ሰም፣ ፍጥጫው ወርቅ ነው፤ እዚህ ላይ ቃሉን ያለ ማመንታት እጠቀምበታለሁ።

6. የጋራ ሳቅና የብቻ ሳቅ

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ በርግሶን እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው ስለ ሳቅ በሚናገር ድርሳኑ ሳቅ ሁልጊዜ የቡድን ሳቅ እንደሆነ፣ ማሚቶም እንደሚፈልግ ያስረዳል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በየከተማው የነበሩት ቪዲዮ ቤቶች ይህን ማሚቶ ይሰጡ ነበር፤ የጃኪ ቻን ግልግል ሲታይ አግዳሚው በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። የበዓል ቴሌቪዥን ዝግጅትም ቤተሰቡንና ጎረቤቱን በአንድ ሳጥን ፊት ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ለብቻው ፈገግ ይላል።

ሆኖም የብቻ ሳቅ መሸጋገሪያ ነው። ለብቻው የሳቀ ሰው ወዲያው ለማን እንደሚልከው ያስባል። ቪዲዮ መላክ «ይህ እኔን አሳቀኝ፣ አንተንም ያስቅህ ይሆን?» የሚል የዝምድና ጥያቄ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መብራትና ስልክ ሲመለስ ይህን በጉልህ አይተነዋል። ሐዘን ባልወጣበት ቤት የተቀመጡ ሰዎች ከሩቅ ዘመድ የተላከ አስቂኝ ቁራጭ ሲደርሳቸው ሳቁ፤ ከዚያም አፈሩ። አበው «ጥርስ ባዳ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው። ጥርስ የልብን ሐዘን አያውቅም፤ እንደ ባዳ ገብቶ ይስቃል። ግን ተረቱን በሌላ በኩል ማየትም ይቻላል። ለቅሶ ቤት የሚያጽናናው ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ባዳም መጥቶ ይቀመጣል፣ ጨዋታም ያመጣል። ቀልዱ ሐዘኑን አላስረሳም፤ ሰውየው ሐዘኑን ተሸክሞ እንዲቀመጥ ረዳው እንጂ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ጠቅለል አድርገን ስናየው፣ አስቂኝ ቁራጭ ምስሎች በከፊል የሥነ ቃል ወራሾች፣ በከፊል የኮሜዲ ስባሪዎች መሆናቸውን እንረዳለን። እንደ ሥነ ቃል ወራሽነታቸው ሊሰበሰቡና ሊጠኑ ይገባል። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ሙሾና ፉከራ ሲሰበስቡ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን እንዳለው እንደሚመዘግቡ ሁሉ፣ አስቂኝ ቪዲዮ ሲሰበስቡም ከማን እንደተቀበሉት፣ በየትኛው አጋጣሚ እንደታየ፣ ማን እንደሳቀና ማን እንዳልሳቀ ሊመዘግቡ ይገባል። በተለይ የቴሌቪዥን ጭውውቶቻችን ዓመተ ምሕረታቸውንና ደራሲያቸውን እያጡ ነው፤ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ የሚቻለው ዛሬ ነው። ሚሞሪ አንድ ጊዜ ሲደለዝ ደግሞ እንደ ብራና ጠርዙ እንኳ አይቀርም።

እንደ ኮሜዲ ስባሪነታቸው ደግሞ ወደ ሙሉው ሊመለሱ ይገባል። ተማሪው የጫማ መብላቱን ቁራጭ በስልኩ ከያዘ፣ ፊልሙን ከመነሻው ማሳየት የመምህሩ ፈንታ ነው። የወሎን ዘዬ በፌዝ ቁራጭ ከሰማ፣ «ያላቻ ጋብቻ»ን አንብቦ ሳቅ ወዴት መወርወር እንዳለበት እንዲያይ ማድረግም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የትኛውን ቪዲዮ ለጓደኛው እንደሚያስተላልፍ፣ የትኛውን እጁ ላይ እንደሚያስቀር የሚወስነው ራሱ ነው። ያ ውሳኔ የኂስ መጀመሪያ ነው።